የጌጡ ዓይንና የእኔ ስክሪን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ በላፕቶፕ ስክሪን በደልኩ» ብላቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ይስቁብኝ ነበር። እናንተ ግን አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እኔም ስጽፈው ሳቄ እየመጣ ነው፤ እሱም ከጥፋቴ አንዱ ነው።

የበደልኩት ሰው አበልጄ ጌጡ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት፣ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሲስቅ ተሳፋሪው ሁሉ አብሮት የሚስቅ ሰው። ቀኑን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ነድቶ ሲመለስ ምን ቢያደርግ ይወዳል? የመኪና ውድድር ጌም! እኔም ከእሱ አልሻልም። ሁለታችንም ለጌም የሚሆን ላፕቶፕ በአንድ ነጋዴ በኩል አስመጣን። አንድ ዓይነት ይሆናሉ ስንል፣ የአንደኛው ስክሪን አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው፣ የሌላኛው የሌለው ሆኖ መጣ። ጌሙ ሲፈጥን ስክሪኑም አብሮ ይፈጥናል፣ ሲዘገይም አብሮ ይዘገያል፤ አዳፕቲቭ ሲንክ ማለት ይኸው ነው። እሱ ከሌለ ሁለቱ አይጠባበቁም፤ ምስሉ መሃል ለመሃል ይቀደዳል።

«አበልጄ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ይሄ ነገር ይረባል?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለሱ ወራት ሙሉ ሳነብ የከረምኩት እኔ፣ «ተወው፣ የነጋዴ ወሬ ነው፤ ልዩነት የለውም» አልኩት። ዋሸሁ።

እሱም ቅር እንዳንሰኝ ዕጣ እንጣል አለ። ሁለት ወረቀት ጽፌ አጣጠፍኩ። አዳፕቲቭ ሲንክ ያለውን የጻፍኩባትን ጥግ በጥፍሬ ጫን አድርጌ አጎበጥኳት። እኔ ነኝ ያጎበጥኳት፤ ማንም አልገፋኝም። የጌጡ ኮፍያ ውስጥ ጨመርናቸውና ቆመን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። እኔ የመሪጌታ ልጅ፣ ስለ ፈተና የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ የጎበጠችው ወረቀት ላይ ነበር። «ታላቄ ነህ፣ ቀድመህ አውጣ» አለኝ። አወጣሁ። «ዕድልህ ሸጋ ነው!» ብሎ አቀፈኝ።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ከንቱ መሆኑን ለራሴ ላስረዳ ተነሳሁ። ከንቱ ቢሆንማ ኃጢአቴም ትቀልልኝ ነበር! አብርቼ አየሁ፣ አጥፍቼ አየሁ። ቀላል ጌም ላይ ለውጥ የለውም፤ ደስ አለኝ። መብራት ሲሄድና በባትሪ ስጫወት የእኔው ማሽን ራሱ ያጠፋዋል፤ ይበልጥ ደስ አለኝ። ከባዱን ውድድር ስከፍት ግን፣ ማሽኑ ሲደክም እንኳ መንገዱ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ወይ ጉድ! ይጠቅማል። እንዴት አድርጎ ነው የሚጠቅመው!

አንድ ቀን ጌጡ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «አበልጄ፣ ዓይኔ ሊጠፋ ነው መሰል፤ ጌሙ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልብኛል። ነገ ሰው ጭኜ አስፋልቱ ላይ እንዲህ ቢያደርገኝስ?» አለኝ። ስክሪኑን አልጠረጠረም። ምን ብሎ ይጠርጥር? ልዩነት የለውም ብዬው የለ! የእኔን ቃል አምኖ የራሱን ዓይን ተጠራጠረ። ሚኒባሷን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ ቤት ተቀመጠ። በየማለዳው ጠበል እየሄደ ዓይኑን ይታጠብ ጀመር። እኔም፣ ዓይን አውጣው፣ «እግዜር ይማርህ» አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ «እግዜር ይማርህ» አልኩት!

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ታዲያ እውነቱን ተናገርኩ? አልተናገርኩም። ላፕቶፔን ተሸክሜ ሄድኩና «ኪቦርዱ ለጣቴ አልተመቸኝም፤ እንቀያየር» አልኩት። ጌሙን ከፍቶ ነዳ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ድንገት ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ማርያምን ድኛለሁ!» አለ። ሚስቱ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም አቅፌው ዘለልኩ።

በነጋታው ሚኒባሷን አስነሳ። ቀጥሎ በመጣው የማርያም ዕለት ዓይኔ ከዳነ ብሎ የተሳለውን ስለት አስገባ፤ ዘርፉ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ጃንጥላ። የመናኸሪያው ሾፌር ሁሉ ያጨበጭባል፣ ጌጡ ይጨፍራል። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ማን ነው? እኔ። እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። እንደዚያ ቀን ተደስቼም፣ እንደዚያ ቀን አፍሬም አላውቅም።

ታዲያ ምነው ዛሬ ተናገርክ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው እሁድ አንድ ሾፌር ወዳጁ ላፕቶፕ ሊገዛ ነው፤ አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው ይሻለኛል ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ጌጡን ጠይቆታል። ጌጡም ወደ እኔ መጣ። «አንተ አይረባም ብለኸኝ የለ፤ እንደዚያው ልበለው?» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ በእነዚያ ደህና ዓይኖቹ። አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት።

አሰብኩ። ጌጡ፣ ለወዳጅህ ከባድ ጌም የሚጫወት ከሆነ ይጠቅማል በለው። የአንተ ዓይን ግን አንድ ቀንም ታሞ አያውቅም። የተቀደደው ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ነበር፤ ያንን ስክሪን ደግሞ አጭበርብሬ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ጥፍሩ የራሴ ነው። ነገ ይህን ወረቀት ይዤልህ መናኸሪያ እመጣለሁ። ቀስ ብለህ አንብበው፤ መነጽር አያስፈልግህም። ከዚያ፣ ሆድህ እሺ ካለህ፣ ይቅር በለኝ።