የመርፌዋ ቁጥር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ አሶሳ ላይ ማንጎ በሚበስልበት ሰሞን ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ግማሹ ያስቀኛል፣ ግማሹ ዛሬም ያበግነኛል። ቀንቶ የማያውቅ ሰው ሞኝ ናት ሊለኝ ይችላል፤ ይበለኝ።

እኔ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ዮናስ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ከፍኖተ ሰላም ተዛውሬ እዚህ የመጣሁት እሱን ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አውሮፕላን የሚያበርበት ሲሙሌተር አለው። ለማብረሪያው ብሎ በእጁ የሠራት፣ ቁልፎች የተደረደሩባት የእንጨት ሳጥንም አለችው። ጨዋታ ነው ብዬ ቀርቤ አይቼው አላውቅም። "ከመጠጥ ይሻላል" እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በተከራየንበት ግቢ ውስጥ ቤዛ የምትባል ነርስ ትኖራለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ የለበሰችው ሁሉ የሚያምርባት ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ሴት ሳይ ገና ሰላም ሳልላት ደሜ ይፈላል፤ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ይባስ ብሎ በግቢያችን ኔትወርክ የሚገኘው እሷ በር ላይ ካለው ማንጎ ሥር ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ዮናስ ስልኩን ይዞ ማንጎው ሥር መመላለስ አበዛ። የሚያወራው መንጌ ከተማ ከሚኖረው ጓደኛው ከሙሳ ጋር ነው። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

"ሙሳ፣ መርፌዋ ዛሬም ዝም አለችኝ" ይላል። "የሰጠኸኝን ቁጥሯን ነው የያዝኩት። ብጠጋት፣ ብርቃት፣ ንቅንቅ አትልም። ከየት በኩል ብመጣ ነው የምትቀበለኝ?"

የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ። በግቢያችን ከቤዛ በቀር መርፌ የምትወጋ ማን አለች? ቁጥሯን ደግሞ ከጓደኛው ተቀብሏል! መልክ ሰጥቷት፣ ቁመት ሰጥቷት፣ የኔን ባል ጨምሮ ሊሰጣት ነው ወይ እያልኩ ፈጣሪን ሁሉ አማረርኩ።

አልጠየቅኩትም። አዎ ቢለኝስ? ምግብ ሳቀርብለት ሰሃኑን አጋጨዋለሁ፤ እሱ ግን ልብም አላለው። በልቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤት ለእህቴ ደውዬ "ትዳሬ በቃ፣ መምጣቴ ነው" አልኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሙሳ ከመንጌ መጣ። ዮናስ "ዛሬ ካልሆነችልኝ እተዋታለሁ" ሲለው ሰማሁ። እስከ ዛሬም ተስፋ አልቆረጠም ማለት ነው! ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩና በቀጥታ ቤዛ ጋ ሄድኩ። ጸጉሯን እያበጠረች ነበር።

"ቁጥርሽን ለባሌ ማነው የሰጠው?" አልኳት።

ማበጠሪያው ጸጉሯ ላይ ቀረ። "ኧረ በማርያም! ባልሽ እኮ ስሜንም አያውቅም። 'ጎረቤት' ነው የሚለኝ።"

አላመንኳትም። እየተንደረደርኩ ቤት ገባሁ። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠዋል።

"ይቺ መርፌ የምትሏት ማን ናት?" ብዬ ጮኽኩ።

ሙሳ አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው፤ በአማርኛ ወንዱንም ሴቱንም "እሱ" ነው የሚለው፣ የገዛ ሚስቱን ጭምር። "ሰናይት፣ አንተ አትቆጣ" አለኝ ደንግጦ። "እሱ ያውልህ፣ አልነቃም።" በጣቱ ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን መስመር አሳየኝ።

ዮናስ ግን ዞር እንኳ አላለም። "ቆይ የኔ ቆንጆ፣ ደመና ውስጥ ነኝ" አለኝ።

"ደመናህን ላሳይህ!" አልኩና ያቺን የእንጨት ሳጥን በመዳፌ ጠፈጠፍኳት።

ቀጭኗ መስመር ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ መሃል መጣች።

"መጣች! መጣች!" ብሎ ዮናስ ጮኸ። "እሱ መጣ!" ብሎ ሙሳ አጨበጨበ።

ነገሩን እዚያው ያስረዳኝ እንደ ባሌ ኮምፒውተር ላይ የሚያበረው ሙሳ ነው። ደመና ሲሆን አብራሪው ማረፊያውን አያይም፤ ፊት ለፊቱ መሆኑን የምትነግረው ያቺ መርፌ ናት። መርፌዋ የምትነቃው የአውሮፕላን ማረፊያው የሬዲዮ ምልክት የሚመጣበት ቁጥር ሲሞላላት ነው። ዮናስ ቁጥሩን ሞልቷል፣ ግን ተጠባባቂው ቦታ ላይ ነው የተወው። ወደ ሥራ የምታሳልፈውን ቁልፍ ረስቷት ያንን ሁሉ ቀን ያልተበላሸውን ሁሉ ሲፈታታ ከርሟል። እኔ በንዴት የመታሁት እሷኑ ነው።

ሙሳ ይሄን ሲነግረኝ ግማሽ ጆሮዬን ነው የሰጠሁት። የማየው ዮናስን ነበር። ዓይኑ በርቷል፤ ትንፋሹን ውጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ ያቺን ክር የምታህል ነገር ያያታል። በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላየኝም። አውሮፕላኑ መሬት እስኪነካ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ተነሳና በሩ ላይ ሻንጣዬን አያት።

"እንዴ፣ እንግዳ መጣ እንዴ?" አለኝ።

ምን ይባላል? ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ደግሞ ሳቄ መጣ። ቤዛን በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዛሬም ባየችኝ ቁጥር "ቁጥሬ ተገኘ?" እያለች ትስቅብኛለች።

እሷ ላይ መቅናቴን ትቻለሁ። መርፌዋ ላይ ግን አልተውኩም፤ አልዋሽም። ሲያበር አጠገቡ እቀመጥና እጄን ያቺ ቁልፍ ላይ አደርጋለሁ። ብዙ ሲረሳኝ ጫን አደርጋታለሁ። ቁጥሩ ወደ ተጠባባቂው ቦታ ይመለሳል፤ መርፌዋ ዝም ትላለች፣ እሱም ዞር ብሎ ያየኛል።