ሁለተኛዋ ጉርሻ

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ሐሙስ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን መሪ አካባቢ በአንድ ሥጋ ቤት በር ሳልፍ ከከሰሉ ላይ ተነሥቶ ያገኘኝ የጮማና የጥብስ ቅጠል ሽታ ነው። ቆምኩ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ግን በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ ጣሊያን ምግብ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ ነበር። በቅደም ተከተል እንዴት እንደምናገረው አላውቅም፤ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ከእናታችን ጋር ሦስት ነበርን። ወንድም ጋሼ የምለው አሰፋ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው፤ የሚሠራውም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበር። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር የዕድር ማስታወቂያውም የሠርግ ጥሪውም እሱ ጋ ይመጣል። በዚያ ዓመት ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሚወሰዱትን ልጆች ስም የሚጽፈው እሱ ሆነ። ልጆቹ ጎህ ሲቀድ በካሚዮን ይጫናሉ፤ ዝርዝሩ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ይለጠፋል፣ እናቶች ልጆቻቸው የት እንደገቡ እንዲያውቁ። ጓደኛዬ ጀማልም የሄደው እንደዚያ ነው።

የጀማል እናት እትዬ ዘይነባ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ነበራቸው። አንድ ቀን ክብሪት እያቀበሉኝ፣ «የወንድምህ እጅ እንዴት ያምራል ልጄ!» አሉኝ። «የጀማልን ስም ሳየው ለሠርግ የጠሩት ነው የመሰለኝ።»

ከዚያ ወዲያ ወንድሜን በጎን አየው ጀመር። ሲያፏጭ ምን አስደሰተው እላለሁ፤ ዝም ሲል ምን ደበቀ እላለሁ፤ ገብቶ ሲተኛ እንኳ ተነሥቼ ጫማውን አያለሁ፣ ጭቃው የየትኛው ሰፈር እንደሆነ ማወቅ የምችል ይመስል። ስም የሚጽፈው ታዞ ነው ወይስ ራሱ እየጠቆመ? ይህን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ለመተውም አቅቶኝ ነበር።

ያ ሐሙስ በእኩለ ቀን ከሥራ መጣና፣ «ኮትህን ልበስ፣ ዛሬ ቢስቴካ አበላሃለሁ» አለኝ።

«ምን ተገኝቶ?»

«ሆድህ ተገኝቶ!»

ቁልቁል ስንወርድ የማትሪክ ውጤት መቼ እንደሚመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ምን ማጥናት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ለምን ፈለገው ብዬ ባጭሩ መለስኩለት።

ጣሊያኑ ቤት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ዓይነት ብርጭቆ፣ መኮንኖችና ፈረንጆች ያሉበት ቦታ ነው። ባለቤቱ፣ ሽማግሌ ጣሊያን፣ ሽርጡን አስሮ ከከሰሉ ፊት ይቆምና በጥብስ ቅጠል እቅፍ ሥጋው ላይ ዘይት ይረጫል፣ ልክ ጠበል እንደሚረጭ ቄስ። ገና ስንገባ ነጭ ኮት የለበሱ አስተናጋጅ፣ «ጓድ አሰፋ፣ ያችኑ የትናንትናዋን ቦታ ይዤልዎታለሁ» አሉት።

ትናንትም እዚህ ነበር? ከማን ጋር? (ከዓመታት በኋላ አስተናጋጁን አግኝቼ ጠየቅኋቸው። ትናንት የመጣው ሊበላ አልነበረም። ቦታ መርጦ፣ እንዴት እንደሚታዘዝና ቢላዋው በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ሊጠይቃቸው ነበር፣ ታናሼ ፊት እንዳላፍር ብሎ።)

«ለብለብ ይሁን ወይስ በደንብ ይብሰል?» አሉት አስተናጋጁ።

«ለብለብ» አለ፣ የለመደ መስሎ። ያኔ ክንዱን አየሁ፤ ሰዓቱን ያስርበት የነበረው ቦታ ባዶውን ነጥቶ ይታያል። አየሁት እንጂ ለምሳው ሸጦት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ቢስቴካ የተባለው ጥብስ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ ሁለት ጣት የሚወፍር ሆኖ መጣ። ቢላዋዬ እያባረረ ከሳህኑ ሊያወርደው ሲደርስ ወንድም ጋሼ ሳቀና ሹካውን አስቀመጠ፤ ከራሱ ቆርጦ፣ በዚያ ሁሉ መኮንን ፊት በእጁ አጎረሰኝ። እንዴት እንደሚጥም! መጣሙ ራሱ አናደደኝ። በእኛ ቤት ደግሞ ጉርሻ አንድ ብሎ አይቆምም፤ አንዱን ተቀብሎ ሁለተኛውን መመለስ የተጣላ ሰው ሥራ ነው። ሁለተኛውን ዘረጋልኝ።

«በቃኝ» አልኩት።

«በአንድ ልትተወኝ?»

«የጀማልን እናት አጉርሳቸው።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። በጎናችን ያለው መኮንን ዞሮ አየን። ወንድም ጋሼ ሥጋውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና፣ «እሺ ኪዳኔ» አለ። ስንወጣ ኮቴን ከኋላ ያዘልኝ፤ ዳገቱን እስክንጨርስ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ሄድን።

ዓርብ ጠዋት ስነሣ አልጋው ተነጥፏል። እናቴ ሥራ በዝቶበት ማልዶ የሄደ መስሏት ቆሎውን በሰሃን አስቀምጣለት ነበር። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ቀበሌው በር ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል። ሁለት ወንድ ልጅ ካለበት ቤት አንዱ ይሄዳል ይባል ስለነበር መጀመሪያ የፈለግኩት የራሴን ስም ነው። የለም። መጨረሻው መስመር ላይ ግን፣ በዚያው በሚያምር እጅ፣ ሳይሰረዝ ሳይደለዝ፣ አሰፋ በላቸው ይላል። እትዬ ዘይነባ ከጎኔ ቆመው አንብበዋል። አንድ ጊዜ ክንዴን ያዝ አደረጉና ሄዱ።

ወንድሜ ከሄደበት አልተመለሰም። ጀማልም። የጎደለብኝን ልለካ ስነሣ ዓመታቱ አይመጡልኝም፤ የምትመጣልኝ ያቺ አየር ላይ የቀረች እጅ ናት።

ወደ ቤት መሄድ አቃተኝና ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። እጄን ለሙቀት ኪሴ ስከት አንድ ነገር ነካሁ፤ በወረቀት መሐረብ የተጠቀለለች፣ ጮማዋ የረጋ ቁራሽ ሥጋ። ኮቴን ከኋላ ሲይዝልኝ የከተታት ናት። ዓርብ ነበር፤ ጾም፤ በዕድሜዬ ገድፌ አላውቅም። ተቀምጬ በገዛ እጄ ጎረስኳት፤ የጥብስ ቅጠሉ አልለቀቃትም።

ከዚያ አፌን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ለእናቴ ልነግራት ወረድኩ።