እናቴና የነፍስ አባቷ ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት

በፋሲካ ዕለት እናቴ ጾሟን አልፈታችም።

የሥጋ ወጡ፣ ዝግኒው፣ ወጥቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሁላችን እሷን ስንጠብቅ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እናንተ ብሉ። እኔ ገና አልጨረስኩም» አለች።

ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ማታ ማታ አንድ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ስታድር ጾሙን ያጠበቀች መስሎን ነበር። ጎረቤቶቻችንም «አደይ፣ እናታችን ዘንድሮ እንደ መነኩሴ ነው የጾመችው» እያሉ ያደንቋት ነበር። ያን ቀን ግን የቀሚሷ አንገት ከትከሻዋ ወርዶ አጥንቷን አየሁት። ለካ ከጾሙ በፊትም ምግብ ትታ ኖሯል፤ ጾሙ ሸፈነላት እንጂ።

እናቴ የወሎ ሰው ናት። የመቐለው አባቴ ለሥራ ወሎ ሄዶ አገባትና ይዟት መጣ። እኛ ልጆቿ መቐለ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ደጅ ትግርኛ፣ ቤት አማርኛ እየተናገርን አደግን። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ታናሽ ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ እንደ እኩዮቹ ሄደ፤ አልተመለሰም። መርዶው የመጣው ጦርነቱ ከቆመ በኋላ ነው። ብቻውን አልመጣም፤ በአንድ ሰሞን በየሰፈሩ ድንኳን ተተከለ። አጥር የምንጋራቸው ሴትዮ የሦስት ልጆቻቸውን መርዶ ሰሙ። እናቴ ይህን ስትሰማ የጀመረችውን ለቅሶ አቋረጠች።

«ሦስት ባጣች ሴት ፊት በአንድ አላለቅስም» አለች።

ከዚያ በኋላ እሳቸውን ስታጽናና ሰነበተች። ጠንካራ መሰለችኝ፤ እንዲያውም ኮራሁባት።

ጥቂት ወራት ሲያልፉ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። መጀመሪያ የእሑድ ቅዳሴን፣ ቀጥሎ የወሩን የማርያም በዓል ተወች። ስንጠይቃት ጉልበቴን ነው ትላለች። የጸሎት መጽሐፏን በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች። ቀኑን ሙሉ የግቢው በር አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ብድግ ብላ በሩን ትከፍትና ግራ ቀኙን አይታ ትዘጋለች።

«‹እማዬ› ብሎ ጠራኝ እኮ» ትለኛለች። ፊቷ ላይ ኀዘን እንኳ አይታይም ነበር፤ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነው።

ከፋሲካው በኋላ ወደ ነፍስ አባቷ ሄድኩ። በሰፈሩ ሁሉ «አቦይ ቀሺ» የሚባሉ፣ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ ቄስ ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ፍለጋ ጎጃምንና ወሎን ስለዞሩ አማርኛቸው የጠራ ነው። እናቴ መቐለ በመጣች ጊዜ የመረጠቻቸውም ለዚሁ ነው፤ በትግርኛ አፏን ገና ስላልፈታች ኃጢአቷን በምታውቀው ቋንቋ መናገር ፈለገች። የነገርኳቸውን ሰሙና «ሱባኤ ትግባ። ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቅ» አሉኝ።

የምሠራው ሓወልቲ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ወሰድኳት። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ጠበሉ አንድ ነገር ሰጥቷታል። በሁለተኛው ቀን ተጠምቃ ስትወጣ በጋቢ ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ ባስቀምጣት እንቅልፍ ወሰዳት። እንደዚያ ዐርፋ ስትተኛ ካየኋት ወራት አልፈው ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አመሰገንኩም።

በሰባተኛው ቀን ስንመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ እጄን ያዘችና «እመቤቴን ምን ብዬ እንደለመንኳት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ምን ብለሽ?»

«ውሰጂኝ። ሰባቱንም ቀን ሌላ ጸሎት አልጸለይኩም።»

የሥራ ባልደረባዬ እኅቷን ያሳከመችበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ ነግራኝ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። በቁጣ ቀና ስትል ከብዙ ጊዜ በኋላ ዐይኗ ውስጥ ሕይወት አየሁ።

«አበድሽ እያልሽኝ ነው? ልጄን በኪኒን ልታስረሺኝ ነው? የነፍስ አባቴ ሂጂ ካላሉኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ወዲያው ወደ አቦይ ቀሺ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። አክብሮቴን ረሳሁ። «ሞቷን ስትለምን ነው የሰነበተችው። እርስዎ ጠበል ይሉኛል። አንዲት ቃል ቢናገሩ ትታከም ነበር። አንድ ነገር ብትሆን በእርስዎ ነፍስ ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። መቋሚያቸውን ተደግፈው «እነዚያ ሐኪሞች ሰውን ምን ብለው ነው የሚጠይቁት?» አሉኝ።

ያሾፉብኝ መስሎኝ «እኔ ምን ዐውቄ!» ብዬ ጥያቸው ሄድኩ።

በማግስቱ ማክሰኞ ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው ከበራችን ደረሱ። እናቴ መስቀል ልትሳለም ስትነሣ «ልበሺ፣ ልጄ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እኔም አብሬሽ ነኝ» አሏት። ወዲያው ነጠላዋን አነሣች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። የተቀመጡት ሁሉ አቦይ ቀሺን ሲያዩ እየተነሡ መስቀል ተሳለሙ። አንዲት እናት «ሊጸልዩልን መጥተው ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «የለም፣ እኛም ወረፋ ይዘን ነው» አሉ። ሴትዮዋ ተጠግተው ቦታ ለቀቁላቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እናቴ ያለ ነፍስ አባቷ አልገባም ስላለች ሦስታችንም ገባን። ስለ ምግቧ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ወንድሜ በቀስታ ጠየቀቻት። ቀጥላም «አደይ፣ ሞትን የተመኙበት ጊዜ አለ?» አለቻት። እናቴ ወደ አቦይ ቀሺ ዞረች።

«ኃጢአት ነው አይደል? ልናገር?»

«ለእኔ የነገርሽኝን ሁሉ ለእሷ ንገሪያት» አሏት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። አትደብቂ።»

እናቴም ተናገረች። እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ያን ቀን ሰማሁ። አንዱን ብቻ ልጻፍ፦ ወንድሜ ሊሄድ ሲል እንዲቀር አልለመነችውም ነበር። የሌላው ልጅ ሄዶ የእኔ እንዴት ይቀራል ብላ ስንቁን ራሷ አሰረችለት።

ሐኪሟ ከባድ ጭንቀትና ድባቴ መሆኑን አስረዳችንና ኪኒን ጻፈች። እዚያው የምትሠራ የሥነ ልቦና አማካሪም ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን ሰብስባ እንደምታወያይ ነገረችን። እኔ «ጠበሉን ታቁም?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ታቁም እንድትለኝ ፈልጌ እንደነበር አልክድም።

«ለምን ታቆማለች? መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ። ባዶ ሆዷንም በጣም እንዳትቆይ» አለች።

እናቴን ደግፌ ስነሣ አቦይ ቀሺ አልተነሡም። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወንበሩ ላይ ቀሩ።

«እኔንም ትጠይቂኛለሽ?» አሏት ሐኪሟን።

«ምን ሆነው ነው፣ አባ?»

«መርዶ ሲነገር በየቤቱ ገብቼ ያረዳሁት እኔ ነበርኩ። ያጠመቅኋቸውን ልጆች ስም ለእናቶቻቸው እየጠራሁ። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም። የሰው በር ሳንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ቅዳሴ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቃል ይጠፋብኝና ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዲያቆኑ ነው የሚያስታውሰኝ።»

በዋዜማው ሳልመልስላቸው የሄድኩት ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ግን ከእኔ ክንድ ተላቅቃ ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አይዞዎት፣ አባቴ። አንቺም ጠይቂያቸው፣ ልጄ» አለች ወደ ሐኪሟ ዞራ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

ለአቦይ ቀሺ ነገሩ ከእናቴ ይልቅ ከባድ ሆነ። የታዘዘላቸው ኪኒን ማታ የሚወሰድ ነው፤ የሚቀድስ ቄስ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ለአለቃቸው ሄደው ተናገሩ። አለቃውም «ታመሃል። የታመመ ያርፋል። ጌታ ያውቃል፤ እስኪሻልህ መቅደስ አትግባ» አሏቸው። በደግነት የተነገረ ቃል ነበር። ግን አርባ ዓመት መቅደስ ውስጥ የቆሙ ሰው እሑድ እሑድ ከምእመናን ጋር ውጭ ቆመው ሲያስቀድሱ ሕዝቡ አየ። ወሬው ተነዛ። መንፈስ ያዛቸው ያለ አለ፣ እምነታቸው ጎደለ ያለም አለ። አንዳንድ ቤተሰቦች የነፍስ አባት ቀየሩ።

እናቴም ቶሎ አልዳነችም። ኪኒኑ አፏን አደረቀባት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ለውጥ ሳናይ ልትጥለው ቃጣች። ያስቀጠላት የሐኪሟ ምክር አልነበረም፤ የእኔም ልመና አልነበረም። ቀጠሮዋ ከአቦይ ቀሺ ጋር በአንድ ቀን ነበርና «እኔ ብቀር እሳቸውም ይቀራሉ» አለች። ማክሰኞ ሲደርስ ቀድማ ለብሳ የምትጠብቀኝ እሷ ሆነች። ሮማናት አደባባይ ድረስ በታክሲ ወርደን ከእሳቸው ጋር እንገናኝና ሦስታችን አብረን እንሄዳለን።

ወንድሜን ያለቀሰችው በእናቶቹ ውይይት ላይ ነው። አማካሪዋ እንደነገረችኝ፣ በትግርኛ ስታወራ ቆይታ ድንገት ወደ አማርኛ ገብታ ሙሾ አወረደች። በወሎ ሙሾ፣ በስሙ እየጠራችው። አጠገቧ የተቀመጡት እናቶች ቃሉን ሁሉም ባይረዱትም አብረዋት አለቀሱ። ያን ቀን ቤት ስትገባ «ርቦኛል» አለችኝ። ሹሮ ሠርቼ አቀረብኩላት፤ እስክትጨርስ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አየኋት።

አሁን እናቴ ትበላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። በፊት የማውቃት ሴት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም። ዝምታዋ ረዝሟል፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ጠበሏንም ኪኒኗንም ይዛለች። እኔ ከሁለቱ አንዱ ትክክል መሆኑ እንዲረጋገጥልኝ ስታገል ነበር፤ እሷን እንዲህ ያለ ክርክር አስጨንቋት አያውቅም። አቦይ ቀሺን ያስቀየምኩበትን ቀን እያስታወስኩ አሁንም አፍራለሁ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «እውነትሽን ነበር፤ በነፍሴ ነበር» ብቻ አሉኝ።

አቦይ ቀሺ መታከም ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ሐኪሟ መድኃኒታቸውን ቀስ በቀስ አቆመችላቸው፤ በአለቃቸው ፈቃድም ወደ መቅደስ ተመለሱ። ከሄዱት ቤተሰቦች ግማሾቹ አልተመለሱም። በምትኩ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች እየመጡ በሹክሹክታ የሐኪም ቤቱን መንገድ ይጠይቋቸዋል። እሳቸውም መስቀል አሳልመው፣ ጸልየው፣ ይነግሯቸዋል።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ሁለቱንም ፈቃድ ጠየቅኩ። አቦይ ቀሺ «ስሜን ተዪውና ነገሩን ጻፊው፤ ሌላም ቄስ ያነበው ይሆናል» አሉኝ። እናቴ ደግሞ «የእኔንም አትጻፊ። የልጄንም ስም ወረቀት ላይ አታድርጊው። አባ በቅዳሴ ይጠሩልኛል» አለችኝ።