አቶ አስረስ ያረሙት ቀን

አቶ አስረስ በወጣትነታቸው በራሪ ወረቀት በትነዋል፤ ጄኔቭ ገብተው የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዛሬ ጄኔቭ ዳር ኦኔ በሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማቸው ሆነው የአንድ የስደተኛ ተቃዋሚዎች ማኅበር ሊቀ መንበርም ፎቶ አንሺም ናቸው። የማኅበሩ ካሜራ የሚቆጥረው በኢትዮጵያ ዘመን ነው፤ ሰዓቱም በሐበሻ። «በፈረንጅ ቀን አልገዛም» ብለው ቀኑን የሞሉት እሳቸው ናቸው። ጡረታቸውን ግን በፈረንጅ ቀን ይቀበላሉ።

ፊሊጶስ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ጎዳና ካለ ምግብ ቤት ሰሃን የሚያጥብ ጥገኝነት ጠያቂ ነው። በባቡር ጄኔቭ መጥቶ ማኅበሩ የጠራው ሰልፍ ወጣ፤ አቶ አስረስም መፈክር እንደያዘ ፎቶ አነሱት። ተቃዋሚ መሆኑን የሚያሳይለት ማስረጃ ያ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ጠበቃው የፎቶውን ፋይል ጠየቀች።

አቶ አስረስ ኮምፒውተራቸው ላይ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈቱ። ሌላው ሰው ጠቅ የሚያደርገውን እሳቸው በትዕዛዝ መጻፍ ይወዳሉ፤ የሚታዘዝላቸው የቀረው እሱ ብቻ ነውና። ኤክሲፍቱል የሚባለው ፕሮግራም ፎቶው ውስጥ የተቀበረውን ቀን አወጣው፦ 2017። በፈረንጅ ከተነበበ ፊሊጶስ ያኔ ደሴ ተማሪ ነበር።

«በእኛ አቆጣጠር ነው ብለህ ለጥገኝነት መርማሪዎቹ ደብዳቤ ጻፍላቸው» አለች ባለቤታቸው ዝናሽ።

«ሊቀ መንበሩ የካሜራ ቀን መሙላት አያውቅም እንዲሉኝ?»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«አርመዋለሁ። አንድ መስመር ነው።»

ፕሮግራሙ እንኳ ከሳቸው ይጠነቀቃል፤ ሳይነካው በፊት የነበረውን ቅጂ ያስቀምጣል። እሳቸው «ቅጂ አታስቀር» የምትለውን ትዕዛዝ ጨመሩበት። ዓመቱም ቀኑም ሰዓቱም ተስተካከለ። ካሜራው እዚያው ፋይል ውስጥ በራሱ ማስታወሻ የያዘው ሌላ ቀን ግን 2017 እንዳለ ቀረ።

መርማሪዎቹ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አዩ። ፎቶው ተነካክቷል ተባለ፤ ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

«ጋሼ፣ እውነተኛ ፎቶ ነበረኮ» አለ ፊሊጶስ በስልክ። «ለምን ነኩት?»

«ልረዳህ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እሺ። አሁን እኔ ነኝ የቀየርኩት ብለው ይጻፉልኝ። ሁለት መስመር ይበቃል።»

አቶ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማኅበሩን የሚነካ ነገር ብቻዬን አልጽፍም። ኮሚቴው ይነጋገርበት።»

ኮሚቴው ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ተሰበሰበ። የፊሊጶስ ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚል ርዕስ ሥር መጨረሻ ላይ ተያዘ። የይግባኙ ቀነ ገደብ ሲያልፍ አቶ አስረስና ጓዶቻቸው ገና በአጀንዳው ቅደም ተከተል ይከራከሩ ነበር።