አንገተ መላጣው አውራ

በዛወርቅ ቦንጋ ከተማ ለዓመታት ስትኖር ቁም ሣጥን አልገዛችም። ልብሷ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣዋ አልጋ ሥር ነበር። ሰው ቤቷ ገብቶ ባዶውን ግድግዳ አይቶ ምነው ሲላት፣ ዛሬ ነገ መሄዴ አይደል ትለዋለች። ነገሩ ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ናት፤ ጣቷ ፈጣን ነው፣ እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር አርፎ አይቀመጥም። ከጅማ የሚመጣው አውቶቡስ ጥሩምባ ሲሰማ ቀና ትላለች፤ የምትጠብቀው ሰው ኖሯት ግን አይደለም።

ቤተሰቦቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው ፓዌ የሰፈሩ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ታንጉት እዚያው ቆላ ሲቀሩ፣ እሷ ሥራ ያገኘችው በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ዝናብ በማያባራበት በከፋ ሆነ። በየዓመቱ ዝውውር ትጠይቃለች። የክፍል ኃላፊዋ አቶ ፈለቀ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ከክልል ወደ ክልል መዛወር ሁለቱም ወገኖች ካልተስማሙ እንደማይሆን ደጋግመው ያስረዷታል። እሷም ደጋግማ ትጠይቃለች።

በዚህ መሃል እናቷ ሞቱ። መርዶው የደረሳት ከቀብሩ በኋላ ነበር። ፓዌ ስትደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፤ ቤቱንም ወንድሟ ከነሚስቱ ይዞታል። ከእናታችን ዕቃ የምትፈልጊውን ውሰጂ ሲላት፣ ጋቢውንም ማሰሮውንም እያነሣች መልሳ አስቀመጠች። ዓይኗ ግቢው ውስጥ የሚንጎራደዱት ዶሮዎች ላይ ያረፈው ልትመለስ ስትል ነው። አንገተ መላጣ ናቸው፤ ከጭንቅላታቸው እስከ ደረታቸው ላባ የላቸውም፣ ቆዳው ፀሐይ እንዳቃጠለው ሰው ቀልቷል። እናቷ ዘሩን ያገኙት ከጉሙዝ ጎረቤታቸው ነው፤ ሙቀት የሚችል፣ እንቁላል የማይሰስት ዶሮ ነው እያሉ ሌላ ዓይነት ግቢያቸው አያስገቡም ነበር። በዛወርቅ በልጅነቷ ታፍርባቸው ነበር። ያን ቀን ግን ወንድሟን እንቁላላቸውን ስጠኝ አለችው። ለስንቅ መስሎት ሊቀቅልላት ውሃ ጣደ።

እንቁላሎቹን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ በጤፍ ገለባ ደርድራ፣ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አገር አቋረጠች። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ብሎ ሊቀበላት ሲሞክር ተጣላችው። ከጅማ ወዲህ ባለው ኮረኮንች በየጉድጓዱ ጣሳውን ከጭኗ ከፍ አድርጋ ትይዝ ነበር። ቦንጋ ደርሳ ክዳኑን ስትከፍት ገሚሶቹ ተሰነጣጥቀው ገለባው ተለቅልቋል። ደህና የመሰሉትን ለይታ በቀጥታ ወደ ጎረቤቷ ወደ እትዬ ተሾመች ሄደች።

እትዬ ተሾመች የዚያው የቦንጋ ተወላጅ ናቸው። ቤታቸው በዛወርቅ ከተከራየችው ቤት ጋር በአጥር ይገናኛል፤ ዶሮዎቻቸው ጓሮ ካለው እንሰት ሥር ሲጭሩ ይውላሉ። አማርኛቸው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቋቸው።

"እንዲህ ተንገላቶ መጥቶ ይፈለፈላል ብለህ ነው?" አሏት።

"አላውቅም። ግን የእናቴ ናቸው።"

ሴትዮዋ ብድግ አሉ። ማቀፍ ያማራትን ቀይ ዶሯቸውን የራሷን እንቁላል አስለቅቀው የበዛወርቅን አስታቀፏት።

ከዚያ ወዲያ በዛወርቅ ሥራ ላይ መቀመጥ አቃታት። በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ዶሮዋ መኖሯን ታያለች፤ ቢሮ ተመልሳ ፊደል ትገድፋለች፤ አቶ ፈለቀ የተሳሳተውን እያሳዩ እንደገና ያስመቷታል። ዝናቡ ሲበረታ ዶሮዋ ጎጆዋን ጥላ የተነሣች ይመስላታል፤ ዶሮዋ ውሃ ልትጠጣ ወረድ ስትል ደግሞ እንቁላሉ በረደ ብላ ትጨነቃለች። በመጨረሻ እትዬ ተሾመች ተቆጧት፤ ዶሮዋን የምታስበረግገው አንተው ነህ ብለው የጓሮውን በር ዘጉባት።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ አብዛኞቹ ገምተው ተጣሉ። ከቀሩት ሦስት ጫጩቶች ወጡ፤ የሦስቱም አንገት ከአሁኑ ራቁቱን ነው። የሰፈሩ ልጆች ሊያዩ መጥተው ሳቁ፤ አዋቂዎቹ ደግሞ የታመሙ መስሏቸው ፊታቸውን አዞሩ። የቦንጋ ብርድ ለቆላ ዘር የሚመች አልነበረም። አንዷ ከዝናብ በኋላ እናቷ ክንፍ ሥር ደርቃ ተገኘች፤ ሌላዋን ጭልፊት ወሰዳት። በዛወርቅ የቀረውን አንዱን በነጠላዋ ጠቅልላ ቤቷ አስገባችው።

ጫጩቱን ያሳደገችው በቅርጫት ውስጥ ነው። ትንሽ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልታ በአሮጌ ሹራብ ትጠቀልልና ከጎኑ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም እንደ እናት ክንፍ ይጠጋዋል። የተከካ በቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል በእጇ ታበላዋለች። ዶሮ ትሆንና ትጥላለች የሚል ተስፋ ነበራት። እየዋለ እያደረ ግን አናቱ ላይ ኩክኒው ቀላ፣ እግሩ ረዘመ፤ አንድ ጠዋት ቅርጫቱ ላይ ወጥቶ በተሰበረ ድምፅ ጮኸ። አውራ ነው። በዛወርቅ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ብቻውን አውራ ምን ዘር ይሆናል? የእናቷ ነገር እዚህ ላይ ያበቃ መሰላት።

ፋሲካ ሲቃረብ ከገበያ በተገዙ ዶሮዎች ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ። ከሰፈር ሰፈር እየተዛመተ የእያንዳንዱን ቤት ዶሮ አንገት እያጣመመ ጣለ። የእትዬ ተሾመች ግቢ በሳምንት ውስጥ ጭር አለ፤ ያቺ ታቅፋ የፈለፈለችው ቀይ ዶሮም ሞተች። የበዛወርቅ አውራ ብቻ ከነሕይወቱ ነው፤ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ከቤት ወጥቶ ከሌላ ዶሮ ጋር ተቀላቅሎ ስለማያውቅ። በየንጋቱ ሲጮህ ግን ዶሮዎቹ ላለቁበት ሰፈር ስድብ ሆነ።

ከዳገቱ ታች ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊው ጋሽ ጉግሳ ሁለት ጎረቤት አስከትለው በሯ ላይ መጡ። ጣሊያን ሠራሽ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ሁለቱ ጎረቤቶች መሬት መሬት ያያሉ።

"የዚህ አገር ያልሆነ ፍጥረት አምጥተሽ ጨረስሽን" አሏት። "አውጪውና ይታረድ።"

"ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፣ ጋሽ ጉግሳ። በሽታውን በየት በኩል ያመጣዋል?"

"እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

በሩን በትከሻዋ ይዛ ቆመች። እትዬ ተሾመች ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይሰማሉ፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰዎቹ ነገ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። በዛወርቅን የቆረጣት የጋሽ ጉግሳ ንግግር ሳይሆን የሴትዮዋ ዝምታ ነበር። በነጋታው አውራውን ቅርጫት ውስጥ ከታ አውቶቡስ መናኸሪያ ወረደች። ወደ ገጠር ከተሞቹ፣ ደካ ልስደደው፣ ቢታ ገነት ልውሰደው እያለች ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ተመላለሰች። የሚቀበላት ዘመድ በየትም የላትም። መኪናዎቹ ሁሉ ሄደው ሲያልቁ ቅርጫቷን ይዛ ዳገቱን ተመለሰች።

ጋሽ ጉግሳ ግን አልመጡም። ለካ እትዬ ተሾመች ሱቃቸው ድረስ ሄደው፣ በሽታው ካንተ የፋሲካ ዶሮ ነው የጀመረው፣ ገበያ የወጣኸውም አንተ ነህ ብለዋቸው ኖሯል። ይህን ለበዛወርቅ አልነገሯትም፤ የሰማችው ከጎረቤት ነው።

በሽታው ካለፈ ከወራት በኋላ እትዬ ተሾመች በሯን አንኳኩ። ብብታቸው ሥር አንዲት ገብስማ ዶሮ አለች፤ ልጃቸው ዘንድ ገጠር ስለነበረች ተርፋለች።

"አውራ የለኝም" አሏት። "ያንተን አዋሰኝ።"

"እንዲህ ያለ አንገት ያለው ጫጩት ቢወጣስ፣ እትዬ?"

"ይውጣ! እኔ አንገቱን ነው የምበላው?"

ዶሮዋ ጣለች፣ ታቀፈች። በዛወርቅ በዚህ ጊዜም ምሳ ሰዓት እየሮጠች መጣች፤ የጓሮው በር ግን አልተዘጋባትም። በሦስተኛው ሳምንት ጫጩቶቹ ወጡ። ሁሉም አንገተ መላጣ ሆነው፣ ፊት ለፊት አንገታቸው ላይ ግን እንደ ክራባት አንዲት ጉንጉን ላባ አላቸው፤ የበዛወርቅ እናት ዶሮዎች ላይ ያልነበረች። በዛወርቅ ከእንሰቱ ሥር ተንበርክካ አንዱን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው፤ ሌላውን አነሣች። ወሬው ሲዛመት ጋሽ ጉግሳም ራሳቸው ዶሮ ታቅፈው መጡ። በሯ ላይ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ያለፈውን አላነሡም፣ እሷም አላነሣችባቸውም።

አቶ ፈለቀ ቢሯቸው የጠሯት በዚያው ሰሞን ነው። ፓዌ ተስማምቷል፣ ዝውውርሽ ሆኖልሻል አሏት። ደስ ይላታል ብለው ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። በዛወርቅ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ወንበር ያዘች፤ አልተቀመጠችም። እዚያ ቤቱ የወንድሟ ነው፤ ዶሮዎቹን የወንድሟ ሚስት ሽጣ መጨረሷን በቅርቡ ሰምታለች።

"አሁን አልሄድም" አለች በመጨረሻ።

"ስንት ዓመት አስቸገርሽኝ እኮ። ለምን?"

"ጫጩቶቹ ገና ናቸው።"

አቶ ፈለቀ የሰሙትን እንዳላመኑ አዩዋት። ይህ ዕድል ሁለተኛ እንደማይመጣ አስጠነቀቋት፤ አውቃለሁ አለች። ከቢሮው ስትወጣ ደስታም አልተሰማትም፤ እንዲያውም መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ልመለስ ወይስ ልተው ስትል ከራሷ ጋር ተሟገተች። ሰማዩ ጠቁሯል። የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ እትዬ ተሾመች ገበያ መሆናቸው ትዝ አላት፤ ጫጩቶቹን የሚያስገባ ሰው የለም። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ዳገቱን መሮጥ ጀመረች።