ከደጅ የቆመችበት ቀን

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ጀማሪ ነርስ ሆኜ ላሊበላ ከአንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። የተቀበሉኝ አዋላጇ ሲስተር ይመኙሻል ነበሩ። የምደባ ደብዳቤዬን አንብበው እግሬን አዩ። «ነጭ ጫማ አድርገህ መጣህ? ክረምት መሆኑን የነገረህ የለም?» አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የደም ግፊት መለካትና መመዝገብ ብቻ ነበር።

ጾመ ፍልሰታ እንደገባ ወድቆ የሚመጣው ሰው በዛ። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚወጣው፤ ባዶ ሆዱን የቆመ ሰው ያዞረዋል። ግሉኮስ እንሰጠዋለን፣ አረፍ ብሎ ይሄዳል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የድጓ መምህር ባለቤታቸውን ጥሩየን በቃሬዛ አስመጡ። «ከደጅ ቆማ ስታስቀድስ ወደቀች፤ ጾሙ ነው» አሉ መሪጌታ። እኔም ጾሙ ነው አልኩ። ግፊቷ ዝቅ ብሏል። ግሉኮስ ሰቀልኩላት። ሆዷን አልነካሁም።

ሲስተር ይመኙሻል የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩ። ውስጡ ነጭ ነው፤ ደም አንሷታል። «የኔታ፣ እስቲ ካርድ ያውጡልን» ብለው መሪጌታን ከክፍሉ አስወጧቸውና አልጋው ጫፍ ተቀመጡ።

የወር አበባዋን አልጠየቋትም። እኔ ብጠይቃት ፊቷን ታዞርብኝ ነበር።

«እቱ፣ ከዛሬው በፊት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆምሽው መቼ ነው?»

«ለሰኔ ሚካኤል።»

«ሐምሌንስ?»

«ሐምሌን ሙሉ ከውስጥ ነው ያስቀደስሁ። ትናንት ጥቂት አየሁና ዛሬ ከደጅ ቆምሁ። እዚያው ወደቅሁ።» ትከሻዋን ይዛ፣ «ትከሻዬንም ይወጋኛል» አለች።

በወር አበባዋ ሰሞን ሴት ከደጅ ቆማ ነው የምታስቀድስ። የሐምሌው አልመጣም ማለት ነው።

ሲስተር ከሆዷ ጎን በመርፌ ሳቡ። ደም መጣ። ብልቃጥ ውስጥ ጨምረው ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። አልረጋም፤ ሆዷ ውስጥ ፈስሶ የቆየ ደም ነው፣ ትከሻዋንም የወጋት እሱ ነው።

«ጽንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ ነው የያዘው። ቱቦው ፈንድቷል። ወልድያ ደርሳ ኦፕራሲዮን ካልሆነች ትሞታለች» አሉኝ።

በሁለቱም እጇ ሳላይን ከፈትን። የጤና ጣቢያው መኪና ሊነሳ ሲል ሲስተር ለመሪጌታ ዳቦ ዘረጉላቸው።

«የኔታ፣ ይብሉ።»

«ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«ደም ትፈልጋለች። ሳይበሉ ሰጥተው ቢወድቁ እርስዎን ደግሞ ማን ይሸከማል? ቀኖናውን እኔ እቀበላለሁ።»

መሪጌታ ዳቦውን አየት አደረጉና ቆረሱ።

ጭቃው መኪናውን ሁለት ጊዜ ያዘው። በሁለተኛው ስንገፋ አንዱ ነጭ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ወልድያ የፈነዳው ቱቦ ወጣላት። የመሪጌታ ደም ስለገጠመ ተሰጣት። ጥሩየ ተረፈች።

ሲስተር ይመኙሻል ካረፉ ቆይቷል። አሁን አልትራሳውንድ አለ። እኔ ግን ነሐሴ በመጣ ቁጥር አልጋው ጫፍ ላይ አቀማመጣቸውና ያ ዝግ ያለ ድምፃቸው ይናፍቀኛል። ሳልጠይቃቸው የቀረሁት ነገርም አለ፦ ያን ቀን ግሉኮስ ሰቅዬ ሲያገኙኝ ለምን እንዳልተቆጡኝ።

ጀማሪ ነርሶች፣ በጾም የወደቀች ሴት ስትመጣላችሁ ሆዷን ንኩ። ከደጅ የቆመችበትን ቀን ጠይቁ። ግሉኮሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።