ላስቲክ ቤት ውስጥ የወደቁት እናት

ጣና ዳር ባለ አንድ የቲማቲም እርሻ ሁለት ዓመት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዘንዘልማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ በአገሩ ዘመድ አልነበረኝም። ሠራተኞቹ ስለሚፈሩኝ ከሥራ ነገር በቀር አያወሩኝም።

መጋቢት ነበር፣ ዐቢይ ጾም። ቲማቲሙ የሚበቅልበት ላስቲክ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ከሐይቁ እርጥበት ጋር ተደባልቆ ትንፋሽ ያሳጥራል። በሩ ላይ በጀሪካን ውኃ አስቀምጥ ነበር፤ የሚጾሙት ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እያየሁ አልፍ ነበር። በሰው ጾም ምን አገባኝ ብዬ።

አንድ ቀን ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሴት ቅርጫታቸውን ለቀው መሬት ላይ ተቀመጡ። ስጠጋ ላባቸው ደርቋል፣ ቆዳቸው እንደ እሳት ይፋጃል። ቀና ብለው አዩኝና፣

«መጣህ ልጄ? መቼ ገባህ?» አሉኝ።

ልጃቸው ከቤት ከወጣ ዓመታት እንዳለፉት ሴቶቹ ሠራተኞች የነገሩኝ ኋላ ነው። እኔም ልጅዎ አይደለሁም አላልኋቸውም።

«አሁን ነው የገባሁ፣ እማዬ።»

እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር።

ከሠራተኞቹ ጋር ተሸክመን ከዛፍ ጥላ ሥር አስተኛናቸው። ነጠላቸውን ውኃ ነክረን አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አደረግን፣ በካርቶን አራገብንላቸው። ነፍሳቸው መለስ ሲል ውኃ ባቀርብላቸው ከንፈራቸውን ገጠሙ። አንዷ ሠራተኛ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል እያለች ብዙ ለመነቻቸው፤ በመጨረሻ አማትበው ጠጡ። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ አደረስኋቸው።

ያኑ ዕለት ለእርሻው ባለቤት ደወልሁ። ሥራው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀምሮ አምስት ሰዓት ላይ ካልቆመ እኔም አልመጣም አልሁት። አንገራገረ፤ ግን ቲማቲሙ ደርሶ ነበርና እሺ አለ። ሠራተኞቹ አረፍ የሚሉበት የሣር ዳስ ሠራን፤ የላስቲኩንም ጎን ገልጠን ነፋስ አስገባንበት።

እናትየዋ በሳምንቱ ተመለሱ። ያን ቀን ያሉትን አንዱንም አያስታውሱም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አለቃ፤ ደክመውልኛል» አሉኝ።

አንተ ይበሉኝ ልላቸው ፈለግሁ፤ ቅርጫታቸውን ብቻ አንሥቼ አቀበልኋቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ እርሻ ማንም አልወደቀም። አምስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ በየመንገዳቸው ይበተኑ ነበር። እኔ በሩን ቆልፌ ወደ ሐይቁ እወርድና ወደ ዘጌ የሚሄዱትን ጀልባዎች እያየሁ ቁጭ እል ነበር። ቀኑ ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ ቤት ብገባም የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።